የሙሉነሽ ለቅሶ፤ ከመሃል ሜዳ ላፍቶ ደርሶ መልስ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ያየሁትን ለስንቱ እንደተናገርኩ አላውቅም። ገበያ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ያገኘችኝ ሁሉ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ትለኛለች። ስናገር አንዱን እረሳለሁ፣ አንዱን እደጋግማለሁ። በመጨረሻ ሰለቸኝና እስከ አራተኛ ክፍል በተማርኩት ጽፌ አስቀመጥኩት። የጎደለ ፊደል ካለ ልጆቼ ያቃኑት። ላፍቶን ያላየ እንዲያውቀው፣ ስለ እህቴ ስለ ሙሉነሽም የሆነውና ያልሆነው እንዲለይ ብዬ ነው። ጊዜው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ነበር።

ዓርብ

መልእክቱን ያመጣልኝ የአውቶቡሱ ረዳት ነው። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደጃፌ ላይ ቆሞ «እህትሽ ሙሉነሽ ትንሽ አሟታልና ድረሽ ተብለሻል» አለኝ።

«ራሷ ናት ያለችህ?»

«እኔ እሷን አላየሁም። አንዲት ባለሱቅ መነኻሪያ ድረስ መጥታ ነው የነገረችኝ።»

እኛ አገር መንዝ ሰው ሲሞት ለሩቅ ዘመድ «ሞተ» ተብሎ አይላክም። «አሞታል ድረሱ» ነው የሚባለው፤ እውነቱ የሚነገረው ቦታው ከተደረሰ በኋላ ነው። ታዲያ «ትንሽ አሟታል» የሚለውን እንዴት ብዬ ልመን? ባለቤቴም የሰማውን ሰምቶ የመሳፈሪያ ገንዘብ አብዝቶ ሰጠኝ። አብዝቶ መስጠቱ እሱም የኔኑ እንደሚያስብ አስታወቀኝ። የሙሉ ባል የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መጀመሪያ አልማዝ ባለጭራ ወጣበት፣ ቀጥሎ ሳምባ ተባለ፣ ቀጥሎ ከስቶ ከስቶ ሞተ። የሞተበትን ማንም በስሙ አልጠራውም።

ጓዜን ሳስር ሁለቱንም፣ ሞቷንም ሕመሟንም፣ አሰብኩ። ጥቁር ቀሚሴን ከታች አደረግኩ፤ በሶውንና የተቆላውን ባቄላ ከላይ፤ አንድ የበግ ጸጉር ባና ደግሞ ጠቅልዬ ለብቻው አሰርኩ። ለራሴ ኩባያ፣ የጥፍር ምላጭ፣ ሚዶና መርፌ ያዝኩ። ስለ በሽታው በሬዲዮ የተባለውን ሁሉ አስታውሳለሁ። ያልተባለውንም ከራሴ ጨምሬ እፈራለሁ። ልጆች አሉኝ።

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ከጎኔ የተቀመጠው አቶ ካሣ ነበር፤ የበግ ነጋዴው፣ ሁላችሁም የምታውቁት። በጎቹን በጭነት መኪና አስቀድሞ እሱ በሰው መኪና ይከተላል።

«ወዴት ነሽ በዚህ ብርድ?» አለኝ።

«እህቴ ትንሽ አሟታል ብለውኝ።»

«እግዜር ይማርልሽ» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከኋላችን የተቀመጠች የማላውቃት ሴት እጇን በወንበሮቹ መካከል አሳልፋ ግማሽ ብርቱካን ሰጠችኝ። ሰው ሲያዝንልኝ ይበልጥ ፈራሁ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዘግቶት ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ መራን። ደብረ ብርሃን ሽሮ ቀረበ፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ተቀምጬ የሚበሉትን አየሁ። ሸኖ አጠገብ ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩና ረዳቱ ጎማውን ሲለውጡ ተሳፋሪው ሜዳው ላይ ተቀመጠ፤ አቶ ካሣ ጋቢውን አጥፎ አነጠፈልኝ። ከዚያ ወዲህ አገሩ እየለዘበ ይሄዳል። የኛ ገብስ የሚያድግበት ድንጋያማ መሬት ይቀርና ጥቁር አፈር ይመጣል። እንዲህ ያለ መሬት ቢሰጡን ምን እንደምናደርግበት እያሰብኩ ነበር አዲስ አበባ የገባሁት።

ሲመሽ ስለደረስን መነኻሪያው አጠገብ አልጋ ቤት አደርን። በሩ ላይ በሽታውን ተጠንቀቁ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ተሥሎበታል። ባለቤቲቱን ለብቻዋ ጠርቼ «አንሶላው ታጥቧል?» አልኳት።

«እህቴ፣ አንሶላው ከኔ ይበልጥ ታጥቧል» አለች። ያም ሆኖ ከፊቴ አንስታ ሌላ አነጠፈችልኝ፤ እግሬ ማበጡንም አይታ ሙቅ ውሃ በጨው አመጣችልኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ እግር ማጠብ ደንብ ነው፤ በተከራየሁት አልጋ ላይ ግን ይደረግልኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ቅዳሜ

አቶ ካሣ ብቻዬን አልለቀቀኝም። «በጎቹ የትም አይሄዱም፣ አድርሼሽ እመለሳለሁ» ብሎ ከተማውን አቋርጠን ጎፋ የሚል ታክሲ ያዝን። ታክሲው ሰው የሚያጭቀው እኛ ጆንያ ውስጥ ድንች እንደምናጭቀው ነው። ወያላው ባናዬን አይቶ «እናት፣ ብርድ ልብሱ ይከፍላል?» አለኝ። ቀልድ መሆኑ የገባኝ ሌላው ሲስቅ ነው።

ከጎፋ ላፍቶ በእግር ሄድን። ላፍቶ ከተማም ገጠርም ነው። አንድ ቦታ ብሎኬት ተከምሯል፣ ከጎኑ የጤፍ ነዶ ተከምሯል። በአንድ ወገን ቆርቆሮ ይመታል፣ በሌላው በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። እኛ ገና ገብሱን ሳንጨርስ እነሱ ጤፉን እየወቁ ነበር። የውሃ ቦኖ ጋ ጀሪካን ያሰለፉ ሴቶች አገኘንና የሙሉነሽን ቤት ጠየቅኳቸው።

«ሹሩባ ሠሪዋን?» አለች አንዷ። «እዚያ ማዶ፣ ድንኳኑ ያለበት ግቢ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ድንኳኑን ሳየው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ፣ ሻሼን ፈታሁ፣ ጸጉሬን በተንኩ። ከሩቅ የመጣ ሰው ከበር ጀምሮ ነው የሚያለቅሰው፤ ዝም ብሎ መግባት ነውር ነው። «ሙሉዬ! ሙሉዬ! ሳልደርስልሽ!» እያልኩ ገባሁ። አቶ ካሣም ጋቢውን አጣፍቶ «እህቴን! እህቴን!» እያለ ተከተለኝ። እሷን አንድ ጊዜ እንኳ አይቷት አያውቅም። ድንኳን ውስጥ ያሉት ሴቶች ተነስተው ተቀበሉኝ፤ ደንብ ነውና አብረውኝ አለቀሱ። አንዲት ረጅም ሴት በተለይ አንገቴን ይዛ፣ እኔ «ሙሉዬ» ስል እሷም «ሙሉዬ» እያለች ደረቷን መታች።

በመካከል ክንዴን የያዘ እጅ ተሰማኝ። ቀዝቃዛ እጅ ነው።

«እትዬ» አለችኝ። «ለማን ነው የምታለቅሺው?»

ሙሉ ነበረች። አጥንቷ ወጥቷል፣ ዓይኗ ተልቋል፣ ግን ቆማለች። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«የሞቱት ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ የፊት ለፊቱ ቤት ባለቤት» አለች። «እኔ እኮ ትንሽ አሟታል በሏት ነው ያልኩት።»

ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሟቹ ሚስት እንኳ ተከናንባ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ታልቅስ ትሳቅ ለይቼ አላወቅኩም። አቶ ካሣን ብፈልገው የለም። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ንፍሮውን ቀምሶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ለቅሶው ሳይቆም ወደ በጎቹ ሄዷል አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሬም አላልኩት።

ሙሉ የምትኖረው ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት አለ፣ ከሥሩ ሁለት በርጩማ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴት ተራ ይጠብቅበት የነበረ ቦታ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዷ «ሚዶሽን ቀይሪው» አለቻት፣ ቀየረች። ሌላዋ «ከራሴ ይዤ እመጣለሁ» አለች። ከዚያ እሷ መክሳት ስትጀምር ከእነሚዶአቸው ቀሩ። ይህን ስትነግረኝ ሚዶዬ ጓዜ ውስጥ እንዳለ አሰብኩ።

መልእክቱን የላከችው ባለሱቅ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ዘይነባ ናት፣ የስልጤ ሰው። ማታ ሱቋን ዘግታ ምስር ወጥ ይዛ መጣች። ጾም መሆኑን አውቃ ቅቤም ሥጋም በማይነካው ድስት ሠርታዋለች። በአንድ ትሪ ቀረበ። እኔ መኪናው ሆዴን አውኮታል ብዬ ቆይቼ እንደምበላ ተናገርኩ። ዘይነባ ለብቻዬ በሰሃን ቀንሳ አስቀመጠችልኝ።

ዘይነባ ስትሄድ እህቴን ለምን እንዳስጠራችኝ ጠየቅኳት።

«ነገ የእድር ስብሰባ ነው» አለች። «ከጎኔ የሚቆም ዘመድ ፈልጌ ነው።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ለቅሶዬን ልጠይቅ።»

መጀመሪያ ትኩሳት መሰለኝ። እሷ ግን አስባበታለች። የሰፈሩ እድር ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ሴቶችን በተራ ይመድባል፤ ውሃ ይቀዳሉ፣ ያበስላሉ፣ ቤት ይጠርጋሉ። ሙሉ ስንት ዓመት ለሰው ተራዋን ወጥታለች። አሁን ጀሪካን ማንሳት አቅቷታል። የሳምባ መድኃኒት ጀምራለች፤ ምግብ ሳትበላ ስትውጠው ይጥላታል። ምግብ ለማብሰል ደግሞ መቆም አለባት። ስለዚህ እነዚያ ሦስት ቀናት ሳትሞት እንዲሰጧት ልትጠይቅ ነው።

«ለምን አገርሽ አትገቢም?» አልኳት። «እኔ ቤት።»

«መድኃኒቱን ጤና ጣቢያ ሄጄ በየቀኑ ፊታቸው ነው የምውጠው። መሃል ሜዳ ማን ይሰጠኛል?» ቀጠለችና «ደግሞ እዚያ ብመጣ ኩባያሽን የት ታስቀምጪዋለሽ?» አለችኝ።

ለካ ጓዜን ስፈታ አይታዋለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ እቃ የት እንደሚቀመጥ የምትጠይቅ ነው የመሰለችው። ባናውን አልበስኳትና ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ። አልሄድም ማለቷ ትንሽ ቀለል እንዳደረገኝም እጽፋለሁ።

እሑድ

ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ድንኳኑ እየፈረሰ ነው። ጋሽ ደምሴ የተቀበሩት ዓርብ ነው። እኛ አገር ድንኳን በሁለት ቀን ቢነሳ ሟቹ ደመኛ ነበረው ይባላል። እዚህ የሟቹ ሚስት ራሷ አንዱን ጫፍ ይዛ ታጥፋለች። ሸራው ከመጣፉ የተነሳ ዋናውን ጨርቅ ከጥጋኙ መለየት ያስቸግራል።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ብርሃኑ ይባላሉ፣ ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ። ስመለከት አይተውኝ «እንግዳ፣ አይፍረዱብን» አሉኝ። «ሁለት ድንኳን አለን። አንዱ ፉሪ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ይኼኛውን የሚጠብቅ ሌላ ቤት አለ። ድሮ በዓመት አንድ ሁለቴ ነበር የምናወጣው። አሁን ማጣጠፊያ ጊዜ አጣን። ቡናና እንጀራውንም አስቀርተን ንፍሮና ዳቦ ብቻ አልን፤ የሟች ቤተሰብ እንዳይደኸይ።»

«ወጣት ናቸው የሚሞቱት?»

«እኔን ይቀብሩኛል ያልኳቸው ናቸው» አሉ። ከዚያ ወደ ካስማው ሄዱ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ በእድሩ እቃ ቤት ደጃፍ ነበር። ሰው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ስለ ድስት፣ ስለ ተሰበረ ወንበር፣ ስለ ቀሪዎች ተነገረ። በመጨረሻ ጋሽ ብርሃኑ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲሉ ሙሉ ተነሳች። ክንዷን ይዣት ነበር።

«እኔ አለኝ። የሦስት ቀን ለቅሶዬን አሁን ስጡኝ።»

ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ።

«ሙሉ፣ ቀልዱን ተይው» አሉ ጋሽ ብርሃኑ።

«ቀልድ አይደለም ጋሼ። ስሞት ሴቶቹ ይመጣሉ አይደል? ውሃ ይቀዳሉ፣ ያበስላሉ። እኔ አልጠጣው፣ አልበላው። አሁን ይምጡልኝ። አንድ ላይ አይምጡ፤ በየጠዋቱ አንድ አንድ ሴት ብትልኩልኝ እስከ ሁዳዴ ያደርሰኛል። ስሞት ማንም አይምጣ።»

ትናንት አንገቴን ይዛ ያለቀሰችው ረጅሟ ሴት ተነሳች። ወይዘሮ አልጣሽ ትባላለች። «ደንቡ ለሞተ ነው የሚለው» አለች። «ዛሬ ለሙሉ ከሰጠን ነገ የታመመ ሁሉ ይመጣል። በየቤቱ ስንት እንዳለ እናውቃለን።»

ይህን ስትል ሁሉም መሬት መሬት አየ። ማንም ጎረቤቱን አላየም። አልጣሽም የተናገረችው የራሷንም ቤት የነካ መሰለኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ደግሞስ ለቅሶሽን ማን ሊቀመጥልሽ ነው? ሰው ያለ ለቅሶ ይቀበራል?»

«ለቅሶዬማ ትናንት ሆነ» አለች ሙሉ። «እህቴ ከመንዝ ድረስ መጥታ አለቀሰች። እናንተም አልቅሳችኋል። አልጣሽ፣ አንቺ እንዲያውም ደረትሽን ስትመቺ በመስኮት አይቼሻለሁ።»

«እኔ ለጋሽ ደምሴ ነው ያለቀስኩት።»

«ጋሽ ደምሴን ነው ‹ሙሉዬ› ያልሻቸው?»

በዚህ ጊዜ ሴቶቹም ሳቁ፣ አልጣሽም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ብርሃኑ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዳ፣ አንቺ ነሽ የቅርብ ዘመዷ። አሁን እሺ ብንል፣ ክፉው ቀን ሲመጣ ቤተሰቧ ‹እድሩ ያለ ለቅሶ ጣላት› ብሎ ቢወቅሰን ምን እንመልሳለን?»

ሰው ሁሉ አየኝ። እኔ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ባለቤቴ ነው የሚናገረው። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ለቅሶ የቀረበት ሰው እኛ አገር ስሙ እንዴት እንደሚነሳ አውቃለሁ። እምቢ ብል ነገ ጠዋት ውሃ የሚቀዳላት የለም። እሺ ብል ያ ሁሉ በኔ ላይ ይወድቃል፤ ለጎረቤቶቼ ስለ በሽታዋ መናገር ሊኖርብኝ ነው፣ ልጆቼም ይሰማሉ።

«ለቅሶዋን እኛ አገር እንቀመጣለን» አልኩ። «እናንተን የሚወቅስ አይኖርም።»

«መቃብሩ ግን እንዳይቀር» አለች ሙሉ ወደ ወንዶቹ። «እዚያ በእግሬ አልሄድም።»

ጋሽ ብርሃኑ ከጎናቸው ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያ «ደንቡን አንለውጥም» አሉ። «ተራ እናስቀድማለን። ሠርግ የደረሰባት ሴት ስትለምነን ተራ እናስቀድም የለ? ይኼም እንዲያው ነው። የማይሆንላት ትናገር፣ አትገደድም።»

ሁለት ሴቶች አይሆንልንም አሉ። አልጣሽ አልተናገረችም። ዘይነባ «የነገው የኔ ነው» ብላ ሱቋን ልትከፍት ሄደች።

ሰኞ

ዘይነባ ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ሁለት ጀሪካን ውሃ አመጣች፣ አጥሚት ሠራች። ውሃውን እኔ ልቅዳ ብላት «አንቺ ትሄጃለሽ፣ ዛሬ ከለመድኩ ነው የሚሻለው» አለችኝ። ሙሉን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። አብዛኛው እንደሷ ወጣት ነው፤ በነጠላ በስካርፍ አፉን ሸፍኗል። እኛ ጤና ጣቢያ የሚሰለፈው ሽማግሌና ሕፃን ነው። እዚህ እርሻ ላይ፣ ፋብሪካ ውስጥ መሆን የሚገባው ጉልበት ነው ግድግዳ ተደግፎ የቆመው። አንዱ ጎልማሳ ቦታውን ለሙሉ ለቀቀላት። «አንቺ ትብሻለሽ» አላት። «አይ፣ አንተ ትብሳለህ» አለችው። ተያዩና ሁለቱም ቆሙ።

ማክሰኞ

በጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ስወጣ ሰው የለም። በሩ ሥር ውሃ የሞላ ጀሪካን ተቀምጧል፣ ላዩ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ አለ።

«አልጣሽ ናት» አለች ሙሉ ሳታየው። «ጀሪካኑን መልሼ እንዳልሰጣት አርጅቶ የተጣለውን ነው ያመጣችው።»

ዳቦው ጥሩ ነበር። አልጣሽን ለመንቀፍ እኔ ቦታ የለኝም፤ ከመጣሁ ጀምሮ የምበላው በሰሃኔ፣ የምጠጣው በኩባያዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ በርጩማውን መስታወቱ ፊት አስቀመጠች። «ነገ ልትሄጂ ነው። ነይ ተቀመጪ፤ ለኔ ብለሽ ያፈረስሽውን ጸጉር እኔው ልሥራው።»

ምክንያት ፈለግኩ። አላገኘሁም። ከጓዜ ሚዶዬን አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«የራስሽን ይዘሽ መጥተሻል። ደግ አደረግሽ፣ የኔ ጥርሱ ረግፏል።»

ስትሠራኝ ቆየች። እየደከማት ታርፋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ጣቷ አልረሳም። ሕፃን ሳለች ጸጉሯን እኔ ነበርኩ የምሠራት፤ ስጎትታት ትጮህ ነበር። እሷ አንዴም አላሳመመችኝም። መስታወቱ ውስጥ ፊቷን ሳየው ሥራ ያለው ሰው ፊት ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር ሁለት ሴቶች ሲያልፉ ቆም ብለው አይተው ሄዱ። ማታ አሁንም በየሰሃናችን በላን።

ረቡዕ

ዘይነባ እስከ መነኻሪያው የሚያደርሰኝ ዘመዷን ቀስቅሳ ይዛ መጣች። ለልጆቼም ከረሜላ ሰጠችኝ። ሙሉ በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ኩባያሽን ረስተሻል» አለችኝ።

«ይቀመጥ። ስመጣ እጠጣበታለሁ።»

መልሳ ወደ ቤት ይዛው ገባች።

መንገዱ በደህና አለቀ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም አልነበረም። መሃል ሜዳ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት አየሁ። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከፊት አቶ ካሣ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል። ባለቤቴ ከጎኑ ነው። ልጆቼን ፈለግኳቸው፤ ሁሉም አሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አቶ ካሣ በጎቹን ሸጦ ቀድሞኝ ገብቶ ያየውን ተናግሯል።

ከመኪናው ስወርድ ለቅሶው ፈነዳ። እማማ ወለቴ፣ ሰማንያ የሚጠጋቸው ጎረቤቴ፣ እጃቸውን ዘርግተው «ሙሉዬን! ሙሉዬን!» እያሉ መጡብኝ። ሲያቅፉኝ ሻሼ ወለቀ። እማማ ወለቴ ጸጉሬን አዩት። ለቅሶአቸውን ከመካከል አቋረጡት።

«ሹሩባ ተሠርታለች» አሉ።

«ማን?» አለች ከኋላ ያለችው።

«እሷ ናታ። ለእህቷ ለቅሶ ሄዳ ሹሩባ ተሠርታ መጣች።»

ባለቤቴ ያፈረብኝ መሰለኝ። «ሙሉ አለች» አልኩ። «ጸጉሬንም የሠራችኝ እሷ ናት።»

«እንዴት ትኖራለች?» አለ አቶ ካሣ። «ድንኳኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ንፍሮውን በልቻለሁ። አልቅሻለሁ!»

«የጎረቤቷን ንፍሮ ነው የበላኸው።»

እቤት ስገባ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ንፍሮው በትልቁ ድስት ተቀቅሏል። ከትናንት ጀምረው ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ይሂድ ይቀመጥ ግራ ገባው። እኔ ቆሜ ስብሰባው ላይ የሆነውን ነገርኳቸው፤ በሽታዋንም በስሙ ጠራሁት። ልጆቼ ይሰማሉ። ለቅሶዋን እዚህ እንቀመጣለን ብዬ ቃል መግባቴንም ተናገርኩ። ከተቀመጡት አንዷ ተነስታ ወጣች። ሌሎቹ አልወጡም።

እማማ ወለቴ አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና «እንግዲያውስ ተቀምጠናል» አሉ። «ንፍሮው ይምጣ።»

በልተን ጨረስን። በሳምንቱ ለአውቶቡሱ ረዳት ወደ ዘይነባ ሱቅ የሚያደርሰው መልእክት ሰጠሁት፤ ሙሉ እንድትሰማው፣ ለቅሶዋ በሁለቱም አገር እንዳለቀና ከእንግዲህ ከማንም ዘንድ የቀረባት ለቅሶ እንደሌለ። ረዳቱ ሲመለስ ዘይነባን አግኝቶ ነበር። የሴቶቹ ተራ እየሄደ ነው፤ አልጣሽ አሁን ጀሪካኑን ከበር አሳልፋ ታስገባለች አለኝ።

«ሙሉስ ምን አለች?»

«‹ከመንዞቹ ማን አብዝቶ አለቀሰ በላት› ብላለች።»

«አቶ ካሣ በላት» አልኩት።